ሲዲኤል ከወጣ በኋላ፦ አሰልጣኙ ነቅቶ ሲቀመጥ እና ሲተኛ

አሜሪካ ውስጥ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ያወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ወዲያው ቁልፍ ተሰጥቶት ብቻውን አይወጣም። ከትልልቆቹ የትራክ ኩባንያዎች አንዱ ይቀጥረውና ከአሰልጣኝ ጋር በአንድ ካቢን ውስጥ ለሳምንታት እየነዳ፣ እየበላና እየተኛ ይከርማል። ወገኖቻችን በብዛት በገቡበት በዚህ ሥራ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ማይል ዋጋ ብዙ ይወራል፤ ስለነዚያ ሳምንታት ጥራት ግን እምብዛም አይወራም። እዚህ የምንገመግመው እሱን ነው፤ አዲስ ባለፈቃድ በመንገድ ላይ የሚሰጠውን ስልጠና።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። የስልጠናው ዋጋ የሚለካው አሰልጣኙ በቀኝ ወንበር ላይ ነቅቶ በተቀመጠባቸው ሰዓታት ነው። በሳምንት ብዛት፣ በማይል ብዛት ወይም በትራኩ አዲስነት የሚለካ አይደለም። አሰልጣኙ በሁለተኛው ሳምንት አልጋው ላይ ወጥቶ ከተኛ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁለት ሰው እየተፈራረቀ ጭነት ማድረስ ነው፤ አንደኛው ሰው ደግሞ ሥራውን ገና አያውቀውም።

ትምህርት ቤት ብቻውን ለምን እንደማይበቃ በአጭሩ እንይ። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ አዲስ ሲዲኤል የሚያወጣ ሰው በፌዴራል መዝገብ ላይ በሰፈረ አሰልጣኝ ተቋም እንዲማር፣ በንድፈ ሐሳቡ ፈተናም ቢያንስ 80 በመቶ እንዲያመጣ ሕጉ ያስገድዳል። ይሁን እንጂ መሪ ይዞ ስንት ሰዓት መንዳት እንዳለበት ሕጉ ቁጥር አላስቀመጠም። ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት በአብዛኛው ለፈተናው ነው። ባዶ ትሬለር፣ ሰፊ ሜዳ፣ በኮን የተሰመረ ቦታ፣ ቀን፣ ደረቅ አስፋልት። ጭነት የያዘ ባለ 53 ጫማ ትሬለር በሌሊት፣ በዝናብ፣ በተጨናነቀ ትራክ ስቶፕ ውስጥ ለብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጋጥማቸው ከአሰልጣኝ ጋር ሲወጡ ነው።

ታዲያ አሰልጣኙ ለምን ይተኛል? ስንፍና ሆኖ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው የሚገፋው። አንድ ሾፌር ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት ብቻ ነው መንዳት የሚችለው፤ 8 ሰዓት ከነዳ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ማቋረጥ አለበት፤ በብዙዎቹ ኩባንያዎች ደግሞ በ8 ቀን ውስጥ ከ70 የሥራ ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። በዚህ ልክ አንድ ሰው በቀን ከ550 እስከ 600 ማይል ይነዳል። ሁለት ሰው ቢፈራረቅ ትራኩ በቀን ከ1,000 ማይል በላይ ይሄዳል። አሰልጣኙ ቀኝ ወንበር ላይ ሆኖ እያስተማረ ከሆነ ደግሞ ያ ጊዜ ሥራ ስለሆነ ሎጉ (የሰዓት መዝገቡ) ላይ በሥራ ሰዓትነት ይመዘገባል፤ ከ70ው ላይ ይበላበታል። ብዙ ቦታ አሰልጣኙ የሚከፈለው ትራኩ በሄደው ማይል ልክ ነው። እንግዲህ ነቅቶ ማስተማር ኪሱን ይጎዳዋል፣ መተኛት ይጠቅመዋል። ጥሩ ኩባንያ ይህን ያውቅና ለአሰልጣኙ በቀን ወይም በሰልጣኝ የተቆረጠ ተጨማሪ ክፍያ ያስብለታል። ሕጉም ብዙ አያግዝም፦ የልምምድ ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው ሲነዳ ሲዲኤል ያለው ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት፤ ሙሉ ሲዲኤል ከወጣ በኋላ ግን የፌዴራሉ ሕግ አሰልጣኙ ነቅቶ እንዲቀመጥ አይጠይቅም። የቀረው የኩባንያው ደንብ ነው።

ስለዚህ ቅጥር ላይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስልጠናው ስንት ሳምንት ነው?» የሚለው አይደለም። «አሰልጣኙ ከፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው እስከ ስንት ሰዓት መንዳት ድረስ ነው? በጽሑፍ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልማዩ «እንደ አሰልጣኙ ነው» ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ወደ ይዘቱ እንግባ። ስልጠናው ውስጥ በጣም የሚጎድለው ወደ ኋላ መግባት፣ ባክ ማድረግ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ማይል የለውም። ጭነት ለማራገፍ ቀጠሮ ሲደርስና ሌሎች ሾፌሮች ሲጠብቁ አሰልጣኙ «ተወው፣ እኔ ላግባው» ይላል። በእኛ አስተያየት አንድ ሰልጣኝ ስልጠናውን ጨረሰ ለማለት ጭነት የያዘ ትሬለር ቢያንስ 40 ጊዜ ራሱ ማስገባት አለበት፤ ከነዚህም 10 ያህሉ በጨለማ። ቁጥሩን ማስታወሻ ላይ መያዝ የሰልጣኙ ሥራ ነው።

አሠራሩን በቅርበት እንየው። በሾፌሩ በኩል ወዳለ ቦታ ለመግባት መጀመሪያ ከቦታዎቹ መስመር 10 ጫማ ያህል ርቆ በቀጥታ ማለፍ፤ ቦታው ከኋላ ሲቀር አፍንጫውን ወደ ቀኝ አዙሮ ትራኩን ከቦታው አንጻር በ45 ዲግሪ ግድም ማቆም። እዚህ ላይ የትሬለሩ ቂጥ ወደሚገባበት ቦታ እያየ ካልቆመ ቀሪው ሁሉ ትግል ነው። ጥሩ አቋቋም ግማሹን ሥራ ጨርሶታል። ከዚያ መሪውን ከታች በኩል ይዞ ማዞር ግራ መጋባትን ይቀንሳል፤ እጁ ወደ ቀኝ ሲሄድ የትሬለሩ ቂጥም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ዓይን ከግራ ስፖኪዮ ላይ፣ በተለይ ከትሬለሩ የኋላ ጎማዎች ላይ አይነቀል፤ ትሬለሩ የሚዞረው በነሱ ላይ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው መሪውን አብዝቶ አዙሮ ሲመልስ በመዘግየት ነው፤ ማዕዘኑ ይጠብቅና ካቢኑ ወደ ትሬለሩ ጥግ ይጠጋል። ያኔ መድኃኒቱ ወደ ፊት ወጥቶ ማስተካከል ነው። ሦስት አራት ጊዜ ወደ ፊት መውጣት ነውር የለውም። የኢንሹራንስ ወረቀት የሚሞላው የሰው ፓራውልት የነካ ሰው ነው።

ደግሞም ወርዶ ማየት። ፍሬን ይዞ፣ አደጋ መብራቱን አብርቶ፣ ወርዶ ዙሪያውን መዞር፤ ከላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍና የጣራ ጠርዝ፣ ከታች ድንጋይና የብረት ምሰሶ። በቀኝ በኩል፣ ስፖኪዮው የትሬለሩን ጎን ብቻ በሚያሳይበት አቅጣጫ ከሆነ ሁለትና ሦስት ጊዜ። ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይወርድ የሚያጣድፍ አሰልጣኝ ካጋጠመ ይህ ለኩባንያው የስልጠና ክፍል ሊነገር የሚገባ ነው።

ትራክ ስቶፕ ውስጥ ግጭት ሲወጡም ይደርሳል። ከጎን የቆመው ትራክ ኮፈን ገና ሳይታለፍ መሪ የሚያዞር ሾፌር የትሬለሩን ጎን በጎረቤቱ አፍንጫ ላይ ይጎትታል። ታንደሙ (ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሳበው የትሬለሩ የኋላ ጎማ ክፍል) ወደ ፊት ከተሳበ ደግሞ ከጎማዎቹ ኋላ የተረፈው ረጅም ጅራት በተቃራኒው ጎን ይወረወራል። ትሬለሩ ቢያንስ እስከ ጎማዎቹ ድረስ ከጎረቤቶቹ መስመር እስኪወጣ በቀጥታ መሄድ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መታጠፍ። ይህን አሰልጣኝ በአንድ ከሰዓት ያስተምረዋል፤ ብዙዎች ግን የሚማሩት ከመቱ በኋላ ነው።

ትሬለር መቀጠልም እንደዚሁ ዝርዝር ይፈልጋል። ትምህርት ቤት ላይ ያው ትሬለር በቀን አሥር ጊዜ ተቀጥሎ ይፈታል፤ ቁመቱ ሁልጊዜ ልክ ነው። ግቢ ውስጥ የሚገኘው ትሬለር ግን አንዱ ከፍ ብሎ፣ አንዱ በእግሩ ለስላሳ አፈር ውስጥ ሰምጦ ይጠብቃል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ትራክተሩን (ጎታቹን የፊት መኪና) ከትሬለሩ ጋር በቀጥታ ማሰለፍ፣ ከመግባት በፊት ቆሞ ወርዶ ቁመቱን ማየት፣ የትሬለሩ የታችኛ ብረት ፊፍዝ ዊሉን (ትሬለሩ የሚያርፍበትንና የሚቆለፍበትን የትራክተሩን ብረት) ነክቶ በጥቂቱ የሚነሳ መሆን አለበት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እስኪቆልፍ መግባት። ትሬለሩ ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ኪንግፒኑ (ከትሬለሩ ሥር የወጣው የመቆለፊያ ብረት) ከፊፍዝ ዊሉ መንጋጋ በላይ ያልፍና የተቆለፈ ይመስላል። ወደ ፊት ሳብ አድርጎ መፈተሽ ግድ ነው፤ ይሁን እንጂ ብቻውን አይበቃም፣ ከፍ ብሎ የገባ ኪንግፒን አንዳንድ ጊዜ ይህን ፈተና ያልፋልና። ባትሪ ይዞ ከስር መግባት ያስፈልጋል። ሁለት ነገር ይታያል፤ በፊፍዝ ዊሉና በትሬለሩ ብረት መሀል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት አለመኖሩ፣ መንጋጋው የኪንግፒኑን አንገት ይዞ መዘጋቱ። ከዚያ ነው ቀዩና ሰማያዊው የአየር ቱቦ፣ የመብራቱ ገመድ፣ በመጨረሻም የትሬለሩን እግር እስከ ላይ ማንሳት። እግሩን ሳያነሳ የሚወጣ ሰው ባቡር ሐዲድ ላይ ያውቀዋል።

ጠዋት የሚደረገው ፍተሻ ለፈተና ሲባል በቃል የተሸመደደ ነው፤ አሰልጣኙ ወደ እጅ ሥራ ሊመልሰው ይገባል። በሙሉ ልብ ሲሠራ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። የፊት ጎማ ጥርስ ቢያንስ 4/32 ኢንች፣ ሌሎቹ 2/32። ጎማን በመዶሻ መትቶ ድምፁን መስማት ጨርሶ የተነፈሰውን ይለያል እንጂ አየሩን አይለካም፤ መለኪያ ይኑር። የቸርኬው መሀል ላይ ዘይት ረጭቶ ከታየ ሲሉ ለቋል፣ ዘይት ያጣ ኩሽኔታ ደግሞ ይቃጠላል። የአየር ፍሬኑ ሞተር ጠፍቶ፣ ፍሬኖቹ ተለቀው፣ ፔዳሉ ተረግጦ አንድ ደቂቃ ሲቆይ ከ4 ፒኤስአይ በላይ መጥፋት የለበትም፤ ሳይረገጥ ደግሞ ከ3 በላይ። ፔዳሉ እየተደጋገመ ሲረገጥ ማስጠንቀቂያው ግፊቱ 60 ፒኤስአይ አካባቢ ሳይወርድ መጮህ አለበት፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ሁለቱ የፍሬን ቁልፎች ደግሞ ከ45 እስከ 20 ባለው ውስጥ ራሳቸው ይወጣሉ። አሰልጣኙ ራሱ ይህን ሲያደርግ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ካልታየ፣ ሰልጣኙ የሚማረው አለማድረግን ነው።

አሁን ወደ ክብደት። ብዙ ስልጠና ይህን ለመጨረሻ ሳምንት ያቆየዋል፣ አለዚያም በቃል ብቻ ያልፈዋል፤ እኛ ግን የመጀመሪያው ጭነት ላይ መጀመር አለበት እንላለን። በፌዴራል መንገድ ላይ ጠቅላላው 80,000 ፓውንድ፣ የድራይቭ ጎማዎቹ (ሞተሩ የሚያዞራቸው የትራክተሩ የኋላ ጎማዎች) 34,000፣ የትሬለሩ ታንደም 34,000፤ የፊቱን ብዙ ሰው በ12,000 ያስበዋል። ሚዛን ላይ ወጥቶ የመጣ ወረቀት እንዲህ ይላል እንበል፦ ፊት 11,800፣ ድራይቭ 35,100፣ ታንደም 32,400፣ ጠቅላላ 79,300። ጠቅላላው ይፈቀዳል፤ ድራይቩ ግን በ1,100 አልፏል። ዌይ ስቴሽን (የመንገድ ዳር የክብደት መቆጣጠሪያ) ላይ ቅጣት ነው። ታንደሙ ወደ ጭነቱ መሀል በተጠጋ ቁጥር የበለጠ ይሸከማል፤ ስለዚህ እዚህ ወደ ፊት ይሳባል። ታንደሙ የሚቆለፍባቸው ቀዳዳዎች በ6 ኢንች የተራራቁበት ትሬለር ላይ አንድ ቀዳዳ 400 ፓውንድ ያህል ያዛውራል፤ ሦስት ቀዳዳ ወደ ፊት ሲሄድ ድራይቩ 33,900፣ ታንደሙ 33,600 ግድም ይሆናል። ከዚያ እንደገና ሚዛን ላይ መውጣት። አሰልጣኙ እዚህ ጋ ወረቀቱን ለሰልጣኙ ሰጥቶ «ስንት ቀዳዳ? ወዴት?» ብሎ ዝም ማለት አለበት።

ያው ወረቀት ላይ ሌላ ትምህርት አለ። ናፍጣ በጋሎን 7 ፓውንድ ግድም ይመዝናል። ከሚዛኑ በኋላ 100 ጋሎን ቢቀዳ 700 ፓውንድ ይጨመራል፣ 79,300ው ልክ 80,000 ይሆናል። 150 ጋሎን የቀዳ ሰው አልፏል። ከባድ ጭነት ሲያዝ የሚቀዳው ነዳጅ መጠንና ቦታው የጉዞ ዕቅዱ አካል ነው፤ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ብቻቸውን የሚወጡ ብዙ ናቸው። ካሊፎርኒያ የሚሄድ ጭነት ከሆነ ደግሞ ከኪንግፒኑ እስከ ትሬለሩ የመጨረሻ አክስል መሀል ድረስ ከ40 ጫማ እንዳይበልጥ ታንደሙ ይለካል።

ታንደሙን መሳቡ ራሱ አካላዊ ሥራ ነው። የትሬለሩ ፍሬን ተይዞ የትራክተሩ ይለቀቃል፣ እጀታው ተጎትቶ አራቱም ፒን መውጣታቸው ይታያል፣ ከዚያ ትራክተሩ በዝግታ ይንቀሳቀሳል። ዝገት የያዘው ፒን አልወጣ ሲል አንድ ሰው እጀታውን ይዞ ሌላው ትራኩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በትንሹ ያወዛውዛል። ሲያልቅ አራቱም ፒን ቀዳዳቸው ውስጥ መግባታቸውን ወርዶ ማየት። አንዱ ሳይገባ የወጣ ትሬለር በመጀመሪያው ኃይለኛ ፍሬን ላይ ከጎማዎቹ ላይ ሊንሸራተት ይችላል።

ተራራ። አገር ቤት ጭነት ይዞ የአባይ በረሃን ቁልቁለት የወረደ ሾፌር በፍሬን ብቻ መውረድ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል፤ እዚያ የተማረው እዚህም ይሠራል። ልዩነቱ የአሜሪካው ትራክ በአብዛኛው ኦቶማቲክ መሆኑና የሞተር ፍሬኑ ብርታት ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ጀማሪውን ያዘናጉታል። ዝግታውና ማርሹ ከጫፉ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ይመረጣል። ሞተር ፍሬኑ ካልበቃ የእግር ፍሬኑ አሠራር ይህ ነው፦ ደህናው ፍጥነት 40 ማይል ነው ከተባለ፣ 40 ላይ ሲደርስ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ወደ 35 ማውረድ፣ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጃል፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። ፍጥነቱ ተመልሶ 40 ሲነካ መድገም። ሳይለቁ በቀስታ ተጭኖ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ ከጋለ በኋላ ፔዳሉ ቢረገጥም አይዝም። መንገዱ በረዶ ወይም እርጥብ ከሆነ ደግሞ የሞተር ፍሬኑን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ የድራይቭ ጎማዎቹን ያንሸራትትና ትሬለሩ ከኋላ ገፍቶ ትራክተሩን ያጥፈዋል፣ ሾፌሮች ጃክናይፍ የሚሉት ይህን ነው።

ኮሎራዶ ውስጥ በአይ 70 ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ባለው፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ ከባድ ትራክ ሰንሰለት ሳይዝ ማለፍ አይፈቀድለትም። የአይዘንሃወር ዋሻ በ11,158 ጫማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከዋሻው በሁለቱም አቅጣጫ ረጅም ቁልቁለት አለ። በበረዶው ወራት የሰለጠነ ሰው ይህን ያያል፤ በጁላይ የሰለጠነ ግን ሰንሰለቱን ሳይነካ ይጨርስና የመጀመሪያውን በረዶ ብቻውን ይጋፈጣል። በሙቀቱ ወራት የሚሰለጥን ሰው አሰልጣኙን አንድ ቀን ደረቅ ግቢ ውስጥ ሰንሰለት እንዲያስገባው ይለምን፤ በጓንት፣ በባትሪ ብርሃን፣ ሰዓት ይዞ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ሰዎች አንድ ነገር እንበል። ስልጠና ላይ በጣም የሚጎዳን ይሉኝታ ነው። የሃምሳ ዓመት ሰው፣ አገር ቤት ተሳቢ የነዳ፣ በሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ይሰለጥናል፤ «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ማለት ይከብደዋል። አሰልጣኙ ሐበሻ ከሆነ ደግሞ ልጁ «አንቱ» እያለ ስህተቱን ፊት ለፊት ለመናገር ይቸገራል። ሁለቱም በጨዋነት ዝም ሲሉ ያልተማረው ነገር አብሮ ይሄዳል። የተሻለው ዘዴ በመጀመሪያው ቀን መስማማት ነው፤ ሰልጣኙ መሪ ላይ እስካለ ድረስ አሰልጣኙ «ቁም!» ካለው ይቆማል፣ ማብራሪያው ከቆመ በኋላ ነው፣ ቅሬታም የለም።

አማርኛ የሚናገር አሰልጣኝ ማግኘት ብዙዎች እንደ ዕድል ያዩታል። ታንደሙን፣ ሎጉን፣ የአየር ፍሬኑን በቋንቋችሁ መስማት በእርግጥ ፍጥነት አለው። ግን ዋጋው አለ። በር ላይ ካለው ጥበቃ፣ ከሺፐሩ (ጭነቱን ከሚልከው) ቢሮ፣ ከዲስፓቸሩ (ጭነት ከሚመድበው) ጋር አሰልጣኙ ራሱ ይነጋገርና ሰልጣኙ ትራኩ ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ የመንገድ ተቆጣጣሪ ሾፌሩ በእንግሊዝኛ መግባባትና የመንገድ ምልክት ማንበብ አለመቻሉን ካረጋገጠ ከመንገድ ያስወጣዋል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ አሰልጣኝ የደረሰው ሰው አንድ ደንብ ያስቀምጥ፦ ከትራኩ ውጭ ያለው ንግግር ሁሉ የሰልጣኙ ነው፣ በእንግሊዝኛ። የፒካፕ (የጭነት መረከቢያ) ቁጥሩን የሚናገረው እሱ፣ ዌይ ስቴሽን ላይ የሚጠየቀውን የሚመልስ እሱ፣ «ጭነቱ ምንድን ነው? ከየት ተነሳህ? ሰዓትህ ስንት ቀረ?» ለሚሉት መልስ የሚለማመድ እሱ።

ሴት ሰልጣኞች ከማን ጋር እንደሚመደቡ አስቀድመው ይጠይቁ። ካቢኑ ሁለት አልጋ፣ አንድ መጋረጃ ነው። ሴት አሰልጣኝ መጠየቅ ይቻላል፤ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ግን ወረፋው ሊረዝም ይችላል፣ በመጠባበቂያው ጊዜ ክፍያ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ተገቢ ነው። መካከል ላይ አሰልጣኝ መቀየር የሚቻልበት መንገድና የሚደወልበት ቁጥር ከመውጣት በፊት ስልክ ውስጥ ይግባ። ይህ ለወንዱም ይሠራል።

ገንዘቡ። ኩባንያው የትምህርት ቤቱን ወጪ ከከፈለ ብዙውን ጊዜ ውል ያስፈርማል፤ የተወሰነ ጊዜ ካልሠራ ዕዳው በሰልጣኙ ላይ ይመጣል። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ። ዕዳው በየወሩ ይቀንሳል ወይስ አሥራ አንድ ወር ሠርቶ የወጣም ሙሉውን ይከፍላል? ኩባንያው ራሱ ቢያሰናብት ዕዳው ይቀራል ወይ? ትራኩ ተበላሽቶ ሆቴል ውስጥ ለተቀመጠበት ሳምንት ይከፈላል ወይ? የስልጠና ክፍያ በማይል ሳይሆን በሳምንት የተቆረጠ ቢሆን ለሰልጣኙ ይሻላል፤ አሰልጣኙ ቆሞ ለማስተማር ሲፈልግ ሰልጣኙ ራሱ «እንሂድ» እንዳይል ያደርገዋል። አደጋ ከደረሰ የሚነሳው በኢኤልዲው (ሰዓት በሚመዘግበው መሣሪያ) ላይ መሪ ይዞ የተመዘገበው ሰው ስም ነው። አሰልጣኙ አጠገቡ ቢኖርም ባይኖርም።

ጫትም መነሳት አለበት። አሜሪካ ውስጥ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በጣም ከተከለከሉት ዕፆች ተርታ ነው፤ ትራክ ውስጥ መያዝ ሥራንም ነፃነትንም ያሳጣል። ማሪዋናም በክፍለ ግዛቱ ቢፈቀድ ለሲዲኤል ባለቤት አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 6 ቀን 2020 ጀምሮ የዕፅ ወይም የአልኮል ምርመራ የወደቀ ወይም እምቢ ያለ ሾፌር ስም በፌዴራሉ የምርመራ መዝገብ፣ በክሊሪንግሃውስ፣ ይመዘገባል፣ ኩባንያ ሁሉ ከመቅጠሩ በፊት ያየዋል።

አጠቃላይ ደረጃ ስጡ ብትሉን፦ አሰልጣኙን ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ከፊት ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ የሚለቅ፣ ሲጨርስ ግቢ ውስጥ በሌላ ሰው የሚያስፈትን ኩባንያ ክፍያው አነስተኛ ቢሆንም ይመረጣል። ከመጀመሪያው ቀን ቲም (ሁለቱን እያፈራረቀ) የሚያስነዳውን፣ ሌላ ምርጫ እስካለ ድረስ፣ አንመክርም፤ ሰልጣኙ የሚነዳው በአብዛኛው ሌሊት ቀጥ ያለ ሀይዌይ ነው፣ አሰልጣኙ ከተማውን፣ ዶኩን (የጭነት ማራገፊያውን) እና ተራራውን ለራሱ ይዞ ይቀራል። ማይሉ ይሞላል፣ ባክ ማድረጉ አይሞላም።

የራስ ትራክ በተረከቡበት ቀን ቸኩሎ ከግቢ አለመውጣት። የቆየ ጭረትና ስብራት ሁሉ፣ በተለይ ፓራውልቱ፣ ስፖኪዮዎቹና የካቢኑ ጣራ ማዕዘን፣ ቀኑን በሚያሳይ ፎቶ ይነሳ። ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂዎች፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የሬጅስትሬሽንና የኢንሹራንስ ወረቀት የያዘው ደብተር፣ የአልጋው መጋረጃ ሳይቀር ይታይ። መንገድ ዳር መቆም ከመጣ አንጸባራቂዎቹ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በአንድ አቅጣጫ በሚሄድ ሀይዌይ ላይ ከኋላ 10፣ 100 እና 200 ጫማ ርቀት። የመጀመሪያው ብቸኛ ጭነት ዕቅድ ደግሞ በሰዓት 50 ማይል ተሰልቶ ይሠራ፤ 550 ማይል ማለት ሙሉ 11 ሰዓት ነው፣ ትንፋሽ አይሰጥም። ዲስፓቸሩን ከ400 ማይል በታች የሆነ፣ በቀን የሚራገፍ ጭነት ጠይቁ፤ አመሻሹ ላይ ትራክ ስቶፕ ሳይሞላ ቦታ ይያዛል፣ ማቆሚያውም ከሁለቱም ወገን ክፍት የሆነው ቢሆን ጠዋት ባክ ሳያደርጉ ይወጣሉ።